ጌረርሳና ሲንቄ፦ በባሌ ደጋ በገዛ አካል የሚቀርብ ትዝታ

ጌረርሳ የኦሮሞ ወንድ ያየውንና የሠራውን ቆሞ፣ በድምፁና በመላ አካሉ ለሕዝብ የሚያቀርብበት ጥንታዊ ሥርዓት ነው። በሮቤ፣ በጎባና በአካባቢው የባሌ ደጋ የሚኖረው የአርሲ ኦሮሞም ይህን ሥርዓት ከአያት ከቅድመ አያት ተቀብሎ አቆይቶታል። ባለ ጌረርሳው ከተቀመጠው ሰው መካከል ይነሣል፤ ጦሩን ወይም በትሩን ይጨብጣል፤ ወደፊት ይራመድና መለስ ይላል። ያደባበት ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይወርዳል፣ ጉልበቱም ይሸበረካል፤ የወረወረበት ላይ ሲደርስ ክንዱ ከቃሉ ቀድሞ ይወነጨፋል። ዙሪያውን ያለው ሰው ዝም ብሎ አያይም፤ በየስንኙ መሐል እየተቀበለ ያደፋፍረዋል።

በድሮው ደንብ ማንም ተነሥቶ ጌረርሳ አይልም ነበር። መብቱ አንበሳ፣ ጎሽ ወይም ዝሆን የገደለ፣ አለዚያም ጠላት የጣለ ሰው ነበር። አብረውት ያደኑና የዘመቱ ሰዎች እዚያው ተቀምጠው ስለሚሰሙ ያልዋለበትን ውያለሁ ቢል ያጋልጡታል። የጌረርሳ ትልቁ ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ደራሲውም፣ ተዋናዩም፣ የታሪኩ ባለቤትም አንድ ሰው ነው፣ ተመልካቹም ምስክር ነው። ጣሊያናዊው ሊቅ ኤንሪኮ ቼሩሊ እ.ኤ.አ. በ1922 ባሳተመው የኦሮሞ የቃል ሥነ ጽሑፍ ስብስብ ብዙ ግጥም ከመጥፋት አድኗል። በወረቀት ላይ የተረፈው ግን ቃሉ ብቻ ነው፤ የእግሩ አጣጣልና የትንፋሹ አያያዝ አልተጻፈም። ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ባሌን ከያዘ በኋላ ጎባ የጦር ሰፈርና የአስተዳደር ከተማ ሆነች፤ ባሌ በ1952 ዓ.ም. ከሐረርጌ ተለይታ ራሷን የቻለች ጠቅላይ ግዛት ስትሆንም ዋና ከተማዋ ጎባ ነበረች። ከሰሜን የመጣው ወታደር የራሱን ፉከራ ይዞ ነው የመጣው። ፎካሪው «ዘራፍ» ብሎ ይነሣል፤ በፈረሱ ስም ራሱን ይጠራል፤ ጦሩን እየሰበቀ፣ ያዙኝ ልቀቁኝ እያለ የዋለበትን ጦር ሜዳ ይቆጥራል። ግዳይ የሚጣለውም በጌታው ፊት እንዲህ እየተፎከረ ነበር። ሁለቱ ሥርዓቶች የተገናኙት በገዢና በተገዢ መካከል መሆኑ አይዘነጋም፤ ያም ሆኖ በአሠራራቸው ወንድማማቾች ናቸው። የጌረርሳ ይዘት ከጊዜ ጋር ተለውጧል። አደን እየቀረ ሲሄድ የመሬት መነጠቅ፣ ድህነትና እስር የጌረርሳ ጉዳይ ሆኑ። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. በባሌ የተካሄደውን፣ ዋቆ ጉቱ ከመሪዎቹ አንዱ የነበሩበትን የገበሬ አመፅ ያየ ትውልድም የሚያስታውሰው ብዙ ነበረው።

ሴቶቹ ደግሞ ሲንቄ አላቸው። ሲንቄ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። በተለይ አራስ ሳለች ባሏ የመታት ሴት ሲንቄዋን ይዛ እየጮኸች ከቤቷ ትወጣለች። ጩኸቱን የሰማች ጎረቤት ሁሉ የያዘችውን ሥራ ጥላ፣ የራሷን ሲንቄ ይዛ ትከተላታለች። ሴቶቹ በትራቸውን አንሥተው በአንድነት እየዘመሩ ይሄዳሉ፤ ሽማግሌዎች መጥተው እስኪለምኑና በዳዩ ጥፋቱን አምኖ ካሣ እስኪከፍል ድረስ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። አንዲት ሴት በገላዋ የተሸከመችው በደል በብዙ ሴቶች አካል ታይቶ ፍርድ ያገኛል። ከአፍሪካ ትውን ጥበባት መካከል ይህን ያህል ውጤት ያለው ብዙ አይገኝም፤ በአገራችን የቴአትር ታሪክ መጻሕፍት ግን ሲንቄ እምብዛም ቦታ አላገኘችም።

ወደ መድረክ የመጣው ቴአትር ግን ሌላ መንገድ ያዘ። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን በ1913 ዓ.ም. ገደማ ካቀረቡ ወዲህ፣ በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው ሀገር ፍቅርም ሆነ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ በቴአትር ሥራቸው ትኩረታቸው የደራሲ ድርሰት ነበር። ተዋናዩ የሌላ ሰው ቃል አጥንቶ ይናገራል።

የገዛ አካልንና ትዝታን መነሻ ያደረገ ሥራ በአዲስ አበባ እንደገና ጎልቶ የታየው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። በዚያ ዓመት እንግሊዛዊው የዳንስ ባለሙያ ሮይስተን ማልዱም ከጎዳናና ከድሃ ቤተሰብ የመጡ ልጆችን ሰብስቦ ማሠልጠን ጀመረ። ከእነርሱ የተመረጡ 18 ወጣቶች አዱኛ የማኅበረሰብ ዳንስ ቴአትርን መሠረቱ። ዘመናዊ ዳንስን ከአገር ባህል ውዝዋዜ አዋሕደው፣ የጎዳናን ኑሮ የሥራቸው ጥሬ ዕቃ አደረጉት፤ ተመልካቹ ተነሥቶ ትርኢቱ ውስጥ የሚገባበትንና መፍትሔ የሚሞክርበትን የፎረም ቴአትር ስልትም ተማሩ። በኋላም ከብሪታንያዊው አዳም ቤንጃሚን ጋር በመሥራት አካል ጉዳተኛ ወጣቶች የሚደንሱበትን ቡድን አቋቋሙ። በዚህ ቡድን ዘንድ የተሽከርካሪ ወንበሩ፣ ክራንቹና የማይታዘዘው እግር የእንቅስቃሴው መነሻ ነበሩ። ከአዱኛ የወጣው ጁነይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 ከጃፓናዊው ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ሥር ለመማር ተመርጧል፤ ከባልደረባው ከአዲሱ ደምሴ ጋርም ደስቲኖ የተባለውን የዳንስ ቡድን መሥርቷል።