እስረኛ ቁጥር 9653

የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ቁጥር ሳነብ እውላለሁ። በቅርቡ አንዲት አሮጊት መስኮቴ ፊት ቆመው ሳለ፣ ቀና እንኳ ሳልል «የሂሳብ ቁጥርዎ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ መጀመሪያ ስሜን ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ። አፈርኩ። ማታ ቤቴ ስገባ የ1920ው የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ትዝ አለኝ። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በዚያ ምርጫ ሪፐብሊካኑ ዋረን ሃርዲንግ በኦሃዮ ግዛት፣ በማሪዮን ከተማ፣ ከገዛ ቤቱ በረንዳ ሳይርቅ ሊያየው ለሚመጣው ሕዝብ ንግግር ያደርግ ነበር። ዴሞክራቱ ጄምስ ኮክስ በባቡር አገሩን ዞረ። ሦስተኛው፣ የሶሻሊስት ፓርቲው ዩጂን ዴብስ ግን በረንዳም ባቡርም አልነበረውም። በአትላንታ የፌዴራል ወህኒ ቤት የታሰረ፣ ቁጥሩ 9653 የሆነ እስረኛ ነበር።

ውድ አንባቢ፣ ስሙን ልብ በልልኝ። ሙሉ ስሙ ዩጂን ቪክተር ዴብስ ነው። ከአልሳስ ፈልሰው በኢንዲያና የሰፈሩት ወላጆቹ በ1855 ሲወለድ ስሙን ያወጡለት ከሁለት ፈረንሳውያን ደራስያን፣ ከዩጂን ሱና ከቪክቶር ሁጎ ወስደው ነው። ሁጎን እኛም በሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ትርጉም፣ በ«ምንዱባን» እናውቀዋለን። ዳቦ ሰርቆ የታሰረው ዣን ቫልዣ በወህኒ ቤት ስሙ ተፍቆ 24601 ተብሎ ነበር። በሁጎ ስም የተጠራውም ልጅ በስተእርጅናው እንደ ሁጎ ባለታሪክ ባለ ቁጥር ሆነ።

ዴብስ በወጣትነቱ የባቡር እሳት አንዳጅ፣ ቀጥሎም የትውልድ ከተማው የቴሬ ሆት ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበር። በ1894 የፑልማንን የባቡር ሠራተኞች አድማ መርቶ ታሰረ። ከ1900 እስከ 1912 በተደረጉት አራት ምርጫዎች ሁሉ ተወዳድሮ ተሸነፈ። በ1918 በካንተን ከተማ ጦርነቱን የሚቃወም ንግግር በማድረጉ በስለላ ሕግ ተከሶ 10 ዓመት ተፈረደበት። ወንጀሉ ቃል ነበር።

ከወህኒ ሆኖ ሲወዳደር የተፈቀደለት በሳምንት 500 ቃላት ለጋዜጦች መላክ ብቻ ነው። ደጋፊዎቹ ግን ፎቶግራፉንና የእስረኛ ቁጥሩን የያዘ ምልክት አሠርተው ደረታቸው ላይ ለጠፉ። ስሙን ሊሸፍን የተሰጠው ቁጥር መፈክር ሆነ።

ሃርዲንግ ከመቶ 60 በላይ ድምፅ አግኝቶ አሸነፈ። ዴብስ ያገኘው ከመቶ 3.4 ያህሉን ነው። ለራሱ ድምፅ መስጠት እንኳ አይችልም ነበር። በሂሳብ ዓይን ይህ ኪሳራ ነው፤ እኔም እንደ ሙያዬ ብሆን መዝገቡን ዘግቼ በተነሣሁ። ዳሩ ግን ከመቶ 3.4 ማለት ከ900,000 በላይ ሰው ነው። እንደማያሸንፍ እያወቁ፣ ወህኒ ቤቱ በቁጥር የመዘገበውን ሰው በስሙ መረጡት።

ተሰናባቹ ፕሬዚዳንት ዊልሰን ምሕረት ነፍጎት ሄደ። በምርጫው ያሸነፈው ሃርዲንግ ግን ቅጣቱን አሳጥሮ በ1921 በገና ዕለት አስፈታው፤ በማግስቱም በዋይት ሐውስ ተቀበለው። ከወህኒ ቤቱ ሲወጣ እስረኞቹ ወደ ግቢው ፊት ለፊት ተሰብስበው በታላቅ ጩኸት ሸኙት፤ እርሱም ዞሮ ባርኔጣውን አንሥቶ አለቀሰ።

አሮጊቷ ገና አልተመለሱም። ሲመጡ የምጠይቃቸውን አውቃለሁ።