የፊት መጣመም፦ «ንፋስ መታው» ከማለት ካርድ ላይ ኮድ እስከ መጻፍ

ዛሬ የአንድ በሽታ ታሪክ ይዘንላችሁ ቀርበናል። ታሪኩን የምናነሳው በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያላችሁ ወላጆችና ታካሚዎች ካርዳችሁ ላይ የሚጻፍ አንድ መስመር ምን ያህል እንደሚጠቅማችሁ እንድታዩ ነው።

ሰው ማታ ደህና ሆኖ ይተኛል። ጠዋት ሲነሳ የአንድ ወገን ፊቱ አይታዘዘውም፤ ዓይኑ አልከደን ይላል፣ አፉ ይጣመማል፣ ውሃ ሲጎነጭ በከንፈሩ ጥግ ይፈስሳል። ቤተሰብ ወዲያው ስም ያወጣለታል፦ «ንፋስ መታው»፣ «ምች ነው»፣ አንዳንዱም «ጋኔን በጥፊ መታው» ይላል። በጋይንት ደጋ፣ ከተማው ራሱ ነፋስ መውጫ በሚባልበት አገር፣ ንፋስን መጠርጠር አያስገርምም። ችግሩ «ንፋስ» የሚለው ስም የተለያዩ በሽታዎችን በአንድ ከረጢት መክተቱ ነው።

ይህን ከረጢት የመፍታቱ ሥራ ከተጀመረ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። ከ9ኛው እስከ 10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የፋርሱ ሐኪም አል ራዚ፣ ከሌሎች የአንጎል ሕመም ምልክቶች ጋር የሚመጣውን የፊት መጣመም ብቻውን ከሚመጣው ለይቶ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1821 ደግሞ ስኮትላንዳዊው ቻርለስ ቤል የፊትን ጡንቻዎች የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ፣ የፊትን ስሜት ከሚያደርሰው ነርቭ የተለየ መሆኑን አስረዳ። ዛሬ በድንገት የሚመጣውና ሌላ ምክንያት ያልተገኘለት የፊት ሽባነት «ቤልስ ፓልሲ» የሚባለው በእሱ ስም ነው።

ይህ ነርቭ በጆሮ አካባቢ ጠባብ በሆነ የአጥንት ቦይ ውስጥ ያልፋል። ሲያብጥ ቦዩ ይጨመድደዋል፤ ፊትም ይዝላል። ለእብጠቱ ከሚጠረጠሩት አንዱ ከንፈር ላይ «ምች» የምንለውን ቁስለት የሚያመጣው የሄርፒስ ቫይረስ ነው።

ስሞች ሲበዙ አገር ከአገር መግባባት ቸገረ። እ.ኤ.አ. በ1893 ፈረንሳዊው ዣክ በርቲዮን አገሮች በጋራ የሚጠቀሙበት የሞት ምክንያቶች ዝርዝር አቀረበ። በ1948 የዓለም ጤና ድርጅት ዝርዝሩን ተረክቦ፣ የሚገድሉትን ብቻ ሳይሆን የሚያሳምሙትንም ጨመረበት። በአሥረኛው እትም ቤልስ ፓልሲ «ጂ 51.0» ነው። በወሊድ ጊዜ የፊት ነርቩ የተጎዳ ሕፃን «ፒ 11.3» ይሰጠዋል። የአንጎል ደም ስር ተዘግቶ የሚመጣ ስትሮክ «አይ 63» ሥር ይገባል። ምክንያቱ ያልተለየ የፊት ነርቭ ሕመም «ጂ 51.9» ይባላል። የተጣመመው ፊት ሲያዩት ይመሳሰላል፤ የሚሰጠው ሕክምና ግን ለየቅል ነው።

ወደ አገራችን እንምጣ። በ1947 ዓ.ም የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ለገጠሩ የጤና መኮንኖችን ማሠልጠን ጀመረ። በ1995 ዓ.ም የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ፤ በኋላም የቤተሰብ ማህደር መጣ። ጤና ሚኒስቴርም ከዓለም አቀፉ ዝርዝር ተነስቶ ብሔራዊ የበሽታዎች ምደባ አዘጋጀ። በ2003 ዓ.ም የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ሲሞከር፣ ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች አንዷ የደቡብ ጎንደሯ ፎገራ ነበረች። ዛሬ ካርዳችሁ ላይ የሚጻፈው የበሽታ ስም መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ከወረዳው ሪፖርት ጋርም ይደመራል። ሁሉም «ያልተለየ» ተብሎ ከተጻፈ ወረዳው ምን እንደሚያስፈልገው ማን ያውቃል?

ለእናንተ ግን ከሪፖርቱ በፊት የሚቀድም ነገር አለ፤ እሱም ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ከስኮትላንድ የወጣ ጥናት 496 የቤልስ ፓልሲ ታካሚዎችን ተከታትሏል። ሕመሙ በጀመረ በ72 ሰዓት ውስጥ ፕሬድኒሶሎን ከጀመሩት መካከል ከ9 ወር በኋላ 94.4 በመቶ ሙሉ በሙሉ ድነዋል፤ ካልወሰዱት ግን 81.6 በመቶ። አስቡት፤ ከወገዳ፣ ከአርብ ገበያ ወይም ከመካነ ኢየሱስ በሪፈር ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ ሰው ከ72 ሰዓቱ ስንቱን መንገድ ላይ ይጨርሳል? የሪፈር ወረቀቱ ላይ «የፊት ችግር» ብቻ ከተጻፈ፣ የሚቀበለው ሐኪም ሰዓቱ ማለፍ አለማለፉን በምን ያውቃል?

ስለዚህ የሚከተሉት በካርዱና በሪፈር ወረቀቱ ላይ መጻፋቸውን በትሕትና ጠይቁ፦

• የጀመረበት ቀንና ሰዓት፣ ቀኝ ነው ወይስ ግራ።
• ግንባሩ ይሸበሸባል ወይስ አይሸበሸብም። ግንባር ከሁለቱም የአንጎል ወገኖች ትእዛዝ ስለሚቀበል በስትሮክ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል። ነርቩ ራሱ ሲጎዳ ግን ግንባርም ይዝላል። ፍርዱ የሐኪም ነው።
• ዓይኑ ይከደናል ወይስ አይከደንም፣ ድክመቱስ ምን ያህል ነው። ሐኪሞች ከ1 እስከ 6 በሆነ ደረጃ ይመዝግቡታል፤ በቀጣዩ ቀጠሮ መሻሻሉ የሚታወቀው በዚህ ነው።
• የጆሮ ሕመም፣ ፈሳሽ ወይም በጆሮ ዙሪያ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ መኖሩ።
• ስኳር፣ ደም ግፊት፣ እርግዝና፣ እስካሁን የተወሰደ መድኃኒት።
• ለሕፃን፦ ከተወለደ ጀምሮ ነው ወይስ በኋላ የመጣ፣ በመሣሪያ ታግዞ ተወልዶ እንደሆነ።

ከፊቱ መጣመም ጋር እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ንግግር ከተሳሰረ ወይም ድንገተኛ ኃይለኛ ራስ ምታት ከመጣ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ወረቀት እስኪሟላ አትጠብቁ፤ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ፊትን በምላጭ መብጣትና መተኮስ ነርቩን አያድንም፤ ቁስልና ኢንፌክሽን ያተርፋል። ፕሬድኒሶሎንንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ አትግዙ፤ በተለይ ስኳር ላለበት ሰው አደጋ አለው። የማይከደን ዓይን ይደርቃል፣ ይቆስላል፤ የሚያለሰልስ ጠብታ ይታዘዝለት፣ ሲተኛም በጥንቃቄ ይሸፈን።

ቤት ውስጥ «ንፋስ መታው» ብትሉ ማንም አይቀየማችሁም። ጤና ጣቢያ ስትደርሱ ግን ትክክለኛው ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ በጽሑፍ ይስፈር። ወረቀቱንም በፌስታል ጠቅልላችሁ ያዙ፤ የሚቀጥለው ሐኪም የሚጀምረው ከእሱ ነው።