ስለ ጎጆና ስለ ፈቃድ፦ ከርስት ዘመን እስከ ዕድራችን ዕቃ ቤት



ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ የዕቃ ቤቱ ጉዳይ ተነሥቶ ግማሽ ቀን እንደ ፈጀ ታስታውሳላችሁ። ድንኳኑ በአንድ አባል ማድ ቤት፣ አግዳሚዎቹ በሌላው ግቢ ባህር ዛፍ ሥር፣ ድስቱና ጀሪካኑ በገንዘብ ያዣችን በረት ተበትነው ስለሚገኙ፣ ሰው በሞተ ቁጥር ዕቃ ፍለጋ ስንሯሯጥ ይነጋል። ለዚህ ሲባል በዕድሩ ቦታ ላይ አራት ሜትር በስድስት ሜትር የሆነች የቆርቆሮ ቤት ለማቆም ፈቃድ ከጠየቅን እነሆ ሦስት ዓመት ሆነን። በዚያን ዕለት አንድ ወጣት አባል ብድግ ብሎ «ለአንዲት ዳስ ይህ ሁሉ ጣጣ ከየት መጣ? ድሮም እንዲህ ነበር ወይ?» ሲል ጠየቀ። የዕድሩ ዳኛም «የመዝገብ ቤት ሰው እርስዎ ነዎት፤ ለመጽሔቱ ይጻፉልን» ብለው ጉዳዩን በእኛ ላይ ጣሉት።

ትምህርታችን ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ይሁን እንጂ ከ1974 እስከ 2012 ዓ.ም ድረስ መዝገብ ስናወጣና ስንመልስ ስለኖርን፣ የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ሰው በቦታ ጉዳይ ምን ያህል እንደሚጨቃጨቅ ከአቧራው ጋር አውቀነዋል። እንደ አቅማችን እንጽፋለን።

በመጀመሪያ ወጣቱ ልጃችን «ዳስ» ያለውን እናርመው። ዳስ ለሠርግና ለተዝካር ይጣላል፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ ይፈርሳል። በዳስ የተካሰሰ ሰው በዘመናችን አላየንም። ጎጆ ግን ሌላ ነው። ጎጆ ይቀለሳል፣ ምሰሶ ይቆምለታል፣ ክረምትና በጋ ይቆያል። ልጅ ሲያገባ «ጎጆ ወጣ» እንላለን እንጂ «መሬት አገኘ» አንልም። ጎጆው ከቆመ መሬቱ ይከተላል የሚል ነገር በሁላችንም ልብ ውስጥ አለ። ክርክሩ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

በርስት ዘመን በጎጃም መሬት የሚያዘው በዘር ቆጠራ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ሰው ከአቅኚ አባቱ ጀምሮ በአባቱም በእናቱም ወገን እየቆጠረ ድርሻዬን ስጡኝ ማለት ይችላል። ስለዚህ አንዱ ማሳ የብዙ ሰው ዓይን ያረፈበት ነበር። በ1950ዎቹ ዓመታት ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህንኑ ያጠናው አሜሪካዊው አላን ሆበን በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ፈጁ፣ ስለ ድርሻው፣ ማለቂያ ስለሌለው ሙግት በሰፊው ጽፏል። በዚህ ሁኔታ በእርሻ መካከል ጎጆ መቀለስ ወይም ባህር ዛፍ መትከል የዋዛ ነገር አልነበረም። ሰብል ይታጨዳል፣ ይወቃል፣ ይረሳል። ጎጆና ዛፍ ግን ከዓመት ዓመት ቆመው ይመሰክራሉ። አሥር ዓመት ካለፈ በኋላ ባለጎጆው «እኔ እዚህ ስኖር ማን ተናገረኝ?» ብሎ ይነሣል።

ስለዚህ ሽማግሌዎቻችን እንደ ነገሩን፣ የመጀመሪያው ቋሚ ሲተከል ተቃዋሚው ከዳር ሆኖ «በሕግ አምላክ! በንጉሥ አምላክ!» ብሎ ይጮኻል፤ የሰማው ሁሉ ምስክሩ ነው። ያን ጊዜ የሚፈለገው ፈቃድ የጎረቤት ዝምታ ነበር ማለት ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ከዚህ ብዙ አልራቀም። በቁጥር 1179 ላይ ባለመሬቱ ሳይቃወመው በሰው መሬት ላይ ሕንፃ የሠራ ሰው የሕንፃው ባለቤት ይሆናል ይላል። ይህን ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብነው አንድ ነገረ ፈጅ ማመልከቻ ሲያጽፉን ሲሆን «የኛን አገር ጩኸት ፈረንጅ እንዴት አወቀው?» ብለን መገረማችን ትዝ ይለናል። ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊ ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸውና።

በ1960 ዓ.ም የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጥቶ ጎጃም ሲያምፅ እኛ ልጆች ነበርን። ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት ተነሣ፤ መንግሥትም አውሮፕላን እስከ መላክ ደረሰ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ። የሕዝቡ ሥጋት ከብሩ ይልቅ ልኬቱ ነበር፤ መሬቱ ተለክቶ ከተጻፈ ርስቴ ይሄዳል የሚል ነው። ያን ጊዜ ገመድ የያዘ ሰው ማየት በቂ ነበር።

ከዚያ ሰባት ዓመት ሳይሞላ ሁሉም ተገለበጠ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥትና የሕዝብ ሆነ። በገጠር ለአንድ ቤተሰብ ከአሥር ሄክታር የማይበልጥ፣ በከተማ ለመኖሪያ ቤት እስከ 500 ካሬ ሜትር። የገበሬ ማኅበርና ቀበሌ ተቋቋመ። ቀድሞ ወጀት ትባል በነበረችው በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ የጓሮ ቤት ክርክር ከዚህ በኋላ መልኩን ለወጠ። በጓሮ ያለችው አንዲት ክፍል ማድ ቤት ናት ወይስ የምትከራይ ቤት? ማድ ቤት ከሆነች የባለቤቱ ናት፤ የምትከራይ ከሆነች ትርፍ ቤት ናት፤ ኪራይዋ ከመቶ ብር የማይበልጥ ከሆነም ቀበሌ ይረከባታል። ሰው የጣራውን ጥላሸት እያሳየ «ይኸው ምድጃ ነበረበት» ብሎ ሲማልድ ሰምተናል። ጎጆ ቀድሞ ለባለቤቱ ትመሰክር ነበር፤ አሁን በባለቤቱ ላይ መመስከር ጀመረች።

አሁን ወደ መንደር ምሥረታው እንምጣ። ስለዚህ ጊዜ ሳንጽፍ ብናልፍ ሐሳዊ እንሆናለን፤ እጃችን አለበትና።

መንደር ምሥረታ በሐረርጌ በ1977 ተጀምሮ ከ1978 ዓ.ም ወዲህ ጎጃምን ጨምሮ በብዙ ክፍላተ ሀገር ተስፋፋ። ተበታትኖ የሚኖረው ገበሬ ቤቱን አፍርሶ፣ ወራጁንና ማገሩን በትከሻው ተሸክሞ፣ በገመድ በተቀየሰ መንደር እንዲሰፍር ታዘዘ። ለአባወራ የሚሰጠው ቦታ በመመሪያው 1000 ካሬ ሜትር ያህል ነበር፤ ቤት፣ ጓሮ፣ በረት ሁሉ በዚያ ውስጥ። በአገር አቀፍ ደረጃ እስከ 1981 ድረስ ወደ 12 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ እንዲህ ሰፍሯል። ትምህርት ቤትና ውሃ ለማቅረብ ያመቻል ተብሎ ነበር። ሐሳቡ በወረቀት ሲታይ ክፉ አልነበረም፤ ማሳው ግን ካለበት አልተንቀሳቀሰም። ገበሬው በመንደር፣ በቆሎው በድሮው ቀዬ ቀረ። ሌሊት ከርከሮ፣ ቀን ዝንጀሮ ይገባበታል። ማማ ሠርቶ፣ ከሥሩ ጎጆ ቀልሶ ካልጠበቀ በስተቀር የዓመት ልፋቱ ለአውሬ ነው። በማሳው ላይ ጎጆ መቀለስ ግን «ወደ ድሮው መመለስ ነው» ተብሎ የተከለከለ ነበር።

ያን ጊዜ እኛ በያኔው ቆላ ደጋ ዳሞት አውራጃ በአንድ መሥሪያ ቤት ታናሽ ጸሐፊ ነበርን። በ1979 ክረምት አንድ ሽማግሌ ማመልከቻ ይዘው መጡ። በማሳቸው ላይ ሁለት ክንድ ተኩል የምትሆን የጥበቃ ጎጆ፣ ያውም እስከ ኅዳር ብቻ፣ እንዲፈቀድላቸው ነው። ማመልከቻው በሦስት ጠረጴዛ ዞረ። አንዱ «ለአንድ ከፈቀድን ለሁሉም ልንፈቅድ ነው» አለ፤ ሌላው ፈራ፤ ሦስተኛው ለእኛ መራው። እኛም «ጥያቄዎ ተቀባይነት ስላላገኘ እናስታውቃለን» ብለን ጽፈን፣ አስፈርመን፣ ማኅተም አድርገን ሰጠናቸው። ማንበብ ስለማይችሉ እንድናነብላቸው ለመኑን። ስናነብላቸው ቀና ብለው «ዝንጀሮውስ ደብዳቤ ይሰጠዋል?» አሉ። በቢሮው ያለ ሰው ሳቀ፤ እኛም አብረን ሳቅን። እስከ ዛሬ ድረስ የሚቆጨን ሳቁ ነው።

በየካቲት 1982 ዓ.ም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ መንደሩ ማንም ሳያፈርሰው ፈረሰ። ገበሬው ቤቱን እንደገና ተሸክሞ ወደ ቀዬው ተመለሰ፤ ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት ለሥራ በዚያ ስናልፍ ሽማግሌውን በማሳቸው ዳር አገኘናቸው። ጎጆአቸው አዲስ ሣር ለብሳለች። ጠላ አስቀድተው ካጠጡን በኋላ «ልጄ፣ ያን ደብዳቤህን አልጣልሁትም፤ እዚያ ከሣሩ ሥር ሸጉጬዋለሁ። ማኅተም ያለው ነገር አይጣልም» አሉን። ምን እንደምንል ጠፍቶን ጠላውን ጠጣን።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ባጭሩ እናልፈዋለን፤ አብዛኛው በዓይናችሁ ያያችሁት ነው። በ1989 ዓ.ም በክልላችን መሬት እንደገና ሲደለደል «ቢሮክራሲ» የተባለ ሰው በአንድ ሄክታር፣ ማለትም በአራት ጥማድ ተወሰነ፤ ጎጆውና ዛፉ የአንዱ፣ መሬቱ የሌላው ሆኖ ጎረቤት ከጎረቤት ተጣላ። ከ1995 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ አረንጓዴው ደብተር መታደል ጀመረ፤ የባልና የሚስት ስም ተጻፈበት፤ አዋሳኝም ተመዘገበ። በእውነቱ ብዙ ሙግት አብርዷል። በአንጻሩ ከተሞቹ ሰፉ። በ1997 የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 455 ለልማት በሚወሰድ መሬት ላይ ላለው ንብረት ካሳ እንዲከፈል ስላዘዘ ጎጆ ምስክር ብቻ ሳትሆን ዋጋም ያላት ሆነች። በቡሬ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመጣ፣ በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ከተማው ወደ ጃቢ ጠህናን ቀበሌዎች ሲጠጋ፣ በርበሬ ማሳ ዳር አንዲት ቆርቆሮ ባየ ቁጥር ባለሥልጣኑ «ለካሳ ነው» ይላል፤ ገበሬው «ለጥበቃ ነው» ይላል፤ አንዳንድ ጊዜ የልጁን ጎጆ መውጫ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። በገራይ መስኖ አካባቢ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚጠብቅ ሰው ያለ ጎጆ እንዴት ያድራል? አዲስ አበባ ደግሞ በአንድ ሌሊት የሚሠራውን «ጨረቃ ቤት» ብሎ ስም አወጣለት። የሁሉም ሥር አንድ ነው።

የተማረ አገር ይህ ጣጣ የለበትም ለምትሉ፣ ጀርመን አገር ሠርቶ የተመለሰ የአንድ አባላችን ልጅ የነገረንን እንጨምር። እዚያ የከተማ ሰው አትክልት የሚተክልበት ትንሽ ትንሽ ቦታ ይከራያል። በ1983 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ቦታው ከ400 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ፣ በውስጡ የምትሠራው ጎጆም ከነበረንዳዋ ከ24 ካሬ ሜትር እንዳትበልጥና ለቋሚ መኖሪያ የምትሆን እንዳትሆን ተወስኗል። እንግሊዞችም በ1950 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ ተከራዩ በአትክልት ቦታው ዶሮና ጥንቸል እንዲያረባ፣ ለእነርሱ የሚያስፈልገውንም ቤት እንዲሠራ ፈቅደዋል። ለጥንቸል ቤት በፓርላማ መወሰን አስቆን ነበር። ኋላ ስናስበው ግን እነርሱ የሠሩት ሥራ ያ ሽማግሌ የለመኑትን ነው፤ መጠኑንና አገልግሎቱን በግልጽ ጽፎ ሰውን ከደጅ ጥናት ማዳን።

ወደ ዕቃ ቤታችን እንመለስ። በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ከአሥር ሺህ በላይ ነዋሪ ባለበት ከተማ ያለ ፈቃድ መገንባትን ከልክሎ ሕንፃዎችን በምድብ ሀ፣ ለ እና ሐ ከፈለ፤ የእኛዋ ቆርቆሮ ከሀ የምታልፍ አይደለችም። ችግሩ የይዞታ ማስረጃው ነው። የዕድሩ ቦታ በደርግ ዘመን በቃል የተሰጠን ስለሆነ ካርታ የለንም። ሁለተኛው ችግር ሁላችሁም የምታውቁት ተቃውሞ ነው። አዋሳኛችን የሆኑት አባል «ዛሬ ዕቃ ቤት፣ ነገ አጥር፣ ከነገ ወዲያ የኔ ጓሮ» ብለዋል። በጉባኤው ብዙ ሰው ተቆጥቷቸዋል፤ እኛ ግን ከላይ የጻፍነውን ሁሉ ካየን በኋላ ሰውየው ክፉ ሰው እንዳልሆኑ እንመሰክራለን። በአባታቸው ዘመን ቢሆን «በሕግ አምላክ» ብለው በጮኹ ነበር።

ስለዚህ በፆሙ ወራት ከዳኛውና ከገንዘብ ያዡ ጋር ሆነን ቤታቸው ሄድን። ዕቃ ቤቷ ከ24 ካሬ ሜትር እንደማትሰፋ፣ ከወሰናቸው ሁለት ሜትር እንደምትርቅ፣ ሰው እንደማያድርባት፣ በዕድሩም ሆነ በማንም በኩል ለይዞታ ማስረጃ ሆና እንደማትቀርብ የሚል ውል በሁለት ቅጂ አረቀቅን። አነበቡት፤ መነጽራቸውን አወለቁ፤ «ሁለት ሜትሩን ሦስት አድርጉት» አሉ። አደረግነው። ፈርመዋል። ውሉ ከማመልከቻው ጋር ለሚመለከተው ክፍል ገብቷል፤ ቆርቆሮው አርባ ክፈፍ ሆኖ በዳኛው ግቢ ተደርድሯል፤ ድንኳኑም ለጊዜው በዚያው ማድ ቤት ነውና ለቅሶ የደረሰበት አባል ቁልፉን ከዚያ ይጠይቅ።