ከብራና እርማት እስከ ከርነል ምርመራ



በጣና ደሴቶች፣ በክብራን ገብርኤልና በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳማት፣ የብራና መጻሕፍት ተጠብቀው ይገኛሉ። በብራና ሥራ ቁም ጸሐፊው ጽፎ መጨረሱ ብቻውን ፍጻሜ አይደለም። ጽሑፉ ይታረማል፤ የተሳሳተው ቃል ይፋቃል፤ የተዘለለው በመስመሮች መካከል ወይም በኅዳግ ይገባል። ሳይታረም የቀረ ስሕተት ከዚያ መጽሐፍ ወደሚገለበጡት ሁሉ ይተላለፋልና። የዛሬው ርእሳችን ይኸው ሥጋት በኮምፒውተር ዘመን የያዘው መልክ፣ ማለትም የሊኑክስ ከርነል ድራይቨሮች ምርመራ ታሪክ ነው።

ከርነል የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት ነው፤ ድራይቨር ደግሞ ከርነሉን ከዲስክ፣ ከኔትዎርክ ካርድ ወይም ከካሜራ ጋር የሚያገናኝ ኮድ ነው። በሊኑክስ አብዛኛው ድራይቨር በከርነሉ ሙሉ ሥልጣን ስለሚሠራ፣ የአንዱ ስሕተት መላውን ማሽን ሊያቆም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2001 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ በአንዳንድ የስሕተት ዓይነቶች የድራይቨሮች የስሕተት መጠን ከቀሪው ከርነል ከ3 እስከ 7 እጥፍ እንደሚደርስ አሳይተዋል።

የድራይቨር መርማሪ ብዙ ጊዜ ኮዱን እንጂ መሣሪያውን በእጁ አያገኝም። ስለዚህ በተለይ የሚያጤነው መሣሪያው እምቢ ባለ ጊዜ ኮዱ የሚሄድበትን መንገድ ነው። የተያዘው ሜሞሪ ተለቋል? የተቆለፈው ተከፍቷል? ከመሣሪያው የመጣው ቁጥር ሳይፈተሽ ታምኗል?

ሊኑስ ቶርቫልድስ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1991 ሲያስተዋውቅ የሚላክለትን ማስተካከያ ራሱ ያነብ ነበር። ላኪው ሲበዛ ንባቡ ለየክፍሉ ኃላፊዎች ተከፋፈለ። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ጸሐፊውም ለውጡን ተቀብለው የሚያሳልፉትም ስማቸውን የሚያሰፍሩበት ሥርዓት ተጀመረ። መነሻው የኮዱ ባለቤትነት ክርክር ቢሆንም፣ ኃላፊነትን በስም የሚከታተል ሰንሰለት ትቶልናል።

ከባዱ ፈተና እ.ኤ.አ. በ2021 ገሃድ ወጣ። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ መርማሪዎች ይታለሉ እንደሆነ ለመፈተን፣ ሆን ተብለው የተበላሹ ማስተካከያዎችን በሐሰት ስም ልከው ነበር። ከኃላፊዎቹ አንዱ ግሬግ ክሮኣ ሃርትማን ከዩኒቨርሲቲው የሚመጣውን ኮድ አገደ፤ ከዚያው የመጡ 435 ለውጦችም እንደገና ተመረመሩ።

ውጤቱ ሊጤን ይገባል። ሆን ተብለው የተበላሹት ተይዘዋል፤ አለዚያም ምላሽ ሳያገኙ ቀርተዋል። ከ435ቱ እጅግ የሚበዙት ትክክል ነበሩ፤ 39ኙ ግን ስሕተት ሆነው እርማት የሚሹ ሆኑ። እነዚህ የማታለል ሙከራው አካል አልነበሩም፤ እንደማንኛውም ሥራ ተልከው ያለፉ ናቸው። ተንኮል ሲፈለግ የተገኘው ተራ ስሕተት ነበር።

ከዚህ የምንማረው ቅንነት ምርመራን እንደማይተካ ነው። የተመሰገነ ቁም ጸሐፊ የጻፈውም ይታረማል። መታረሙ ውርደቱ አይደለም፤ የመጽሐፉ ዋስትና ነው። በዚህ ተቋም ኮድ መጻፍን የምትማሩ ሁሉ የሌላውን ኮድ ማንበብንም እንደ ሙያ ተማሩ፤ ስማችሁን ከምታሰፍሩበት ሥራ በታች የሚቆመው የእናንተ ንባብ ነውና።