የጎልጂ መረብ፦ ግማሽ ምዕተ ዓመት የተጠረጠረ የሕዋስ ክፍል



በመማሪያ መጻሕፍት የሕዋስ ሥዕል ላይ ክፍሎቹ ሁሉ እኩል የተረጋገጡ መስለው ይታያሉ፤ ኒውክለሱ በመሐል፣ ማይቶኮንድሪያው በዙሪያው፣ ከጎናቸውም እንደ እንጀራ የተነባበረው የጎልጂ አካል። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ስለ ኋለኛው ነው፤ መኖሩ ራሱ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ኖሯልና።

ካሚሎ ጎልጂ የነርቭ ሕዋስን በብር ናይትሬት የሚያጠቁረውን ዘዴ ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1873 ሲሆን፣ ያኔ ይሠራ የነበረው ሚላኖ አቅራቢያ ባለችው በአብያቴግራሶ፣ ፈውስ የሌላቸው ሕሙማን በሚጦሩበት ሆስፒታል ነበር። በ1898 በፓቪያ የጉጉትን የአንጎል ሕዋሳት ሲመረምር በውስጣቸው ቀጭን ጥቁር መረብ ተመለከተ፤ «ውስጣዊ የመረብ አካል» ብሎም ሰየመው።

ችግሩ መረቡ በሕያው ሕዋስ ውስጥ በግልጽ አለመታየቱ ነበር። የሚታየው ሕዋሱ ሞቶ በኬሚካል ከተዘፈዘፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ብዙዎች «ይህ ማቅለሚያው ራሱ የፈጠረው ምስል ነው» አሉ። እኔ ተጠራጣሪዎቹን ለመውቀስ እቸገራለሁ። ጎልጂ በዚያው ብር ተመርኩዞ የነርቭ ሥርዓት በሙሉ አንድ የተያያዘ መረብ ነው ብሎ አስተምሯል፤ ስፔናዊው ራሞን ኢ ካሃል ደግሞ የጎልጂን ዘዴ ተጠቅሞ እያንዳንዱ የነርቭ ሕዋስ ራሱን የቻለ መሆኑን አሳየ። ሁለቱ የ1906ን የኖቤል ሽልማት ሲካፈሉ እንኳ ጎልጂ በንግግሩ ከአቋሙ ፈቀቅ አላለም። እንግዲህ አንድ ሰው፣ በአንድ ዘዴ፣ ሁለት መረቦችን አይቷል፤ አንደኛው የለም፣ ሌላኛው አለ። በጊዜው ሁለቱን በምን መለየት ይቻል ነበር?

ጎልጂ በ1926 ሲሞት ክርክሩ አልተቋጨም። እንዲያውም በ1949 ኒው ዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ተቋም ጆርጅ ፓላዴና አልበርት ክሎድ መረቡ በናሙና ዝግጅት ወቅት ከቅባት የሚፈጠር ሰው ሠራሽ ቅርጽ ነው ሲሉ ጻፉ። በ1954 ግን ዳልተንና ፌሊክስ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተደራረቡትን ስስ ከረጢቶች አሳዩ።

ሥራው ምን እንደሆነ ለማሳየት ከደከሙት መካከል፣ ልብ በሉ፣ ያው ፓላዴ ይገኝበታል። በ1960ዎቹ ከጄምስ ጄሚሰን ጋር ሆኖ ለጊኒ ፒግ የቆሽት ቁራጮች ጨረር አመንጪ አሚኖ አሲድ ለ3 ደቂቃ ብቻ ሰጠ፤ ከዚያም ጉዞውን ተከታተለ። አዲሱ ፕሮቲን መጀመሪያ በኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ታየ፤ ቀጥሎ ወደ ጎልጂ አካባቢ ተሻገረ፤ በመጨረሻም ከሕዋሱ ለመውጣት በተዘጋጁ እንክብሎች ውስጥ ተከማቸ። በ1974 ፓላዴና ክሎድ፣ የ1949ኙ ጽሑፍ ባለቤቶች፣ ከክርስቲያን ደ ዱቭ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።