ዲቃላ፦ ከስድብ ወደ ማሳ

በዋግ፣ በሰቆጣ ገበያ አንድን ሰው «ዲቃላ» ብሎ የተሳደበ፣ ሽማግሌ ሳይገባበት አይለቀቅም። ግብርና ተመራማሪ ግን «ሁለቱን ማሽላዎች አዳቀልናቸው» ሲል ድምፁ ውስጥ ኩራት እንጂ እፍረት የለም። አንዱ ቃል እንዴት በሁለት ቤት አደረ?

«ዲቃላ» ከግዕዝ የወረደ ነው። በግዕዝም ቢሆን ከሕጋዊ ጋብቻ ውጪ የተወለደ ልጅ ማለት ነው። ደቀለ፣ አዳቀለ፣ ድቅል፣ ማዳቀል የሚሉት ሁሉ ከዚያው ግንድ ናቸው። አንዳንዱ ሰው «ምሁራኑ ቃል አጥተው ስድብ አነሱ» ይላል። እኔ አልስማማም፤ በሩን የከፈተው «ዘር» የሚለው ቃል ይመስለኛል። በግዕዝ «ዘርእ» የሆነው ይህ ቃል ገበሬ ከጎተራ አውጥቶ የሚበትነውም፣ ሰው ሰባት ቤት እያለ የሚቆጥረውም ነው። «ዝርያ» እንዲሁ የሰውም የስንዴም ነው። ዘር አንድ ቃል ከሆነ የዘር መቀላቀልም አንድ ቃል ቢኖረው አያስደንቅም።

ሊቃውንቱም ቢሆኑ ቃሉን አልጠሉትም። ቈ፣ ኈ፣ ኰ፣ ጐን ከነእርባታቸው «ዲቃላ ፊደላት» ብለው ሰይመዋል፤ ሲቆጠሩ ሃያ ናቸው። ከንፈር ሞጥሞጥ ተደርጎ የሚወጡት እነዚህ ድምፆች ደግሞ በአገው ቋንቋዎች የሞሉ ናቸው፤ በዋግ የሚነገረው ኽምጣና አንዱ ነው። «ዋግ ኽምራ» በሚለው የአካባቢው ስም ውስጥ ያለው «ኽ» ራሱ በግዕዝ ፊደል ገበታ የለም። «ከ» ላይ ምልክት ተጨምሮበት የተወለደ የአማርኛ ፊደል ነው።

አገሩ ከሁሉ በላይ ያከበረው ዲቃላ ግን በቅሎ ነው። ስሙ በግዕዝ «በቅል»፣ በዐረብኛ «በግል» ነው። የዋግ ገዢዎች ዋግሹሞች የተቀመጡበት፣ ካህናትና መኳንንት የተጓዙበት ይህ እንስሳ የአህያ ልጅ መሆኑን የረሳ የለም። «በቅሎ አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» የሚለው ተረት እፍረቱን ከነኩራቱ ይዞታል።

ፈረንጆቹም ከእኛ የተለየ መንገድ አልሄዱም። «ሃይብሪድ» የሚሉት ቃል ከላቲን «ሂብሪዳ» ይመጣል፤ ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ የቤት እሪያ ከዱር እሪያ የወለደችውን ለመጥራት ተጠቅሞበታል። በደቡብ ፈረንሳይ፣ በፕሮቫንስ ተራሮች፣ ቀጭን ቅጠል ያለው ላቬንደር በከፍታው፣ ሰፊ ቅጠል ያለው ዝቅ ብሎ ይበቅላል። ሁለቱ በሚገናኙበት ወገብ ላይ ንቦች የአበባውን ብናኝ ያመላልሳሉ፤ ከዚያ ሦስተኛ ተክል ይወለዳል። የአካባቢው ሰው «ላቫንድ ባታርድ»፣ ማለትም ዲቃላ ላቬንደር ይለው ነበር። ዛሬ «ላቫንዲን» ተብሎ ስሙ ታጥቧል፤ ገበያውን የሞላው ዘይትም በአብዛኛው የእርሱ ነው። እንደ በቅሎ መካን ስለሆነ ግን ዘር አይሰጥም፤ ከቅርንጫፉ እየተቆረጠ ይባዛል። በጣም የተስፋፋው ዝርያ «ግሮሶ» ሲሆን ስሙን ያገኘው ካገኘው ገበሬ ከፒየር ግሮሶ ነው። ከተከዜ ሸለቆ እስከ ዋግ ደጋ፣ ቆላና ከፍታ እንዲህ ተጠጋግተው በሚገኙበት አገር ይህ ታሪክ እንግዳ አይሆንም።

ገበሬው በዲቃላ ዘር ላይ ያለው ጥርጣሬ ታዲያ ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 የተለቀቀው ቢኤች-660 በቆሎ («ቢኤች» ባኮ ሃይብሪድ ማለት ነው) በመጀመሪያው ዓመት ጎተራ ይሞላል፤ ከምርቱ ዘር አስቀርቶ የዘራ ግን በሁለተኛው ዓመት ቁመቱም ዛላውም የተዘበራረቀ፣ ምርቱም የቀነሰ ማሳ ያገኛል። የወላጆቹ ባሕርይ በልጆቹ ላይ ስለሚበታተን ዘሩን በየዓመቱ መግዛት ግድ ነው። ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ ቶሎ በሚወጣበት በዋግ፣ ከጎተራ የሚወጣ ዘር የሚመረጠው ለዚህም ነው።

ጤፍ ላይ መንገዱ ሌላ ነው። ጤፍ ራሱን በራሱ ያራባል፤ አበባው የሚከፈተው ገና በማለዳ ለጥቂት ጊዜ ነው። ይህንን ሰዓት ተመራማሪው ታረቀ በርሄ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደብረ ዘይት ላይ እስኪያገኙት ድረስ ሁለት ጤፎችን በእጅ ማዳቀል አልተቻለም ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ማኛ ነጭነቱን፣ ሌላው ወላጅ ምርታማነቱን ሰጥተው «ቁንጮ» የተወለደው፤ የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ቁንጮ ከተላጨ የሕፃን ራስ ላይ የሚተው የፀጉር ዘለላ ነው፤ ከዚያ አልፎ የበላይ፣ አውራ ማለት ሆኗል። ይህ ጤፍ ከተዳቀለ በኋላ በትውልድ ላይ ትውልድ ራሱን እያራባ ስለጸና ገበሬው ዘሩን አስቀርቶ መዝራት ይችላል። ስለዚህም «ዲቃላ ጤፍ» የሚለው ስም አልተጣበቀበትም።

የማሽላው ስም ደግሞ የወሎን አፍ ይሸታል። አቀንጭራ የሚባለው ጥገኛ አረም የማሽላውን ሥር እየመጠጠ ማሳ ስለሚያደርቅ የሚቋቋሙ ዝርያዎች ተለቀቁ፤ አንደኛው «ጎብዬ»፣ ሁለተኛው «አብሽር» ተባሉ። ጎብዬ በወልዲያና በቆቦ መካከል ያለች ከተማ ናት። «አብሽር» ከዐረብኛ የመጣ «ደስ ይበልህ» ማለት ሲሆን፣ ወሎዬ ለደከመ ሰው «አይዞህ» ሲል ይጠቀምበታል።