የሞዴል ፎቶ ቀረጻ ዝግጅት (ቦሌ)

ጀማሪ ሞዴል ካሜራ ፊት ከመቆሟ በፊት የምታደርገው መሰናዶ። ቦሌ ስቱዲዮም የውበት ሳሎንም ስለማይቸግረው አብዛኛው ሥራ በዋዜማው እዚያው ያልቃል። አዲስ ቅባት ግን በዋዜማው አይሞከርም፤ ፊት ሊያሳብጥ ይችላል። ሹሩባ ቢያንስ 2 ቀን ቀደም ብሎ ቢሠራ ይሻላል፤ ትኩስ ሹሩባ ግንባርን ወጥሮ ቅንድብን ሽቅብ ይስባል፣ ይህን ደግሞ ሜካፕ አይሸፍነውም። ከሐበሻ ቀሚስ ሥር የገላ ቀለም ያለው የውስጥ ልብስ ይለበሳል፤ ነጭ ልብስ እንኳ ከስስ ሸማ ሥር ያሳብቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የቀትር ፀሐይዋ ብርቱ ነው። በዚህ ሰዓት የሸማው ጥበብ በፎቶ ላይ ይነጣና ይጠፋል፤ ስለዚህ ለውጭ ቀረጻ ማለዳ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ይመረጣል።



ከዝግጅቱ ሁሉ ብዙዎች የሚዘነጉት የቀረጻ ውሉን ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ተነሺው ፈቃድ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ፎቶው የትና ለስንት ጊዜ እንደሚውል በጽሑፍ ያልሰፈረበት ቀረጻ ቢቀር ይሻላል።